ምሳውን የማይነካው ልጅ

የይፋቷ ሸዋ ሮቢት የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚወስደው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው ገበያዋ ላይ ይገናኛል። በ2013 ዓ.ም. ጎረቤቷ አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እሷው ዘንድ ሲደርስ፣ ብዙ የይፋት ልጅ ደብተሩን ጥሎ ሸሽቷል። ከሰው አገር መጥቶ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ልጅ ለቆላው መምህር እንግዳ አይደለም። ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ፊልም እንዲህ ስላለ ልጅ ነው።

የፈረንሳይኛ ርእሱ ወደ እኛ ሲመለስ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ማለት ነው። ሩማንያ የተወለደው ራዱ ሚሃይሌያኑ ሠርቶ በ1997 ዓ.ም. አወጣው፤ በዓመቱ የፈረንሳይን የሴዛር ሽልማት በፊልም ድርሰት ወሰደ። ታሪኩ የሚነሣው ከ1977ቱ ረኃብ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በስውር በአውሮፕላን በተጓጓዙበት በዘመቻ ሙሴ ጊዜ፣ አንዲት ክርስቲያን እናት የ9 ዓመት ልጇን፣ ልጅ ለሞተባት ቤተ እስራኤላዊት ሰጥታ ከሱዳኑ የስደተኞች ካምፕ ትሸኘዋለች። ስሙም ሃይማኖቱም ይለወጣል፤ ሽሎሞ ይባላል።

እስራኤል ደርሰው ያቺ ሴት ስትሞት፣ ቴል አቪቭ ውስጥ ያኤልና ዮራም የሚባሉ ባልና ሚስት ያሳድጉታል። ትምህርት ቤት ሲገባ ምግብ አይነካም፣ ከልጆች ይጣላል። የሌሎቹ ተማሪዎች ወላጆች በሽታ ያመጣብናል ብለው እንዲወጣላቸው ሲጠይቁ፣ ያኤል በሁሉም ፊት የልጁን ጉንጭ ትልሰዋለች። ስለ መገለል ከሰማሁት ገለጻ ሁሉ ይህቺ ቅጽበት ትበልጥብኛለች።

ማታ ማታ ከጨረቃ ጋር ያወራል፤ እናቱን የሚያገኛት በእሷ በኩል ነው። ቆይቶ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ቄስ ያገኝና ለእናቱ በአማርኛ ደብዳቤ ያጽፋል። ዕብራይስጡን ለመማር አማርኛውን መጣል አላስፈለገውም፤ መምህራን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። ካደገ በኋላ፣ የአዳም መልክ ምን ነበር በሚል የኦሪት ክርክር ላይ፣ ከሸክላ ተበጅቷልና ቀይ ነበር ብሎ ይረታል። በኋላም ፓሪስ ተምሮ ሐኪም ይሆናል።

የይፋት መምህራን ሆይ፣ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላምና አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት። ለልጆች የማይሆን ትዕይንት ስላለበት መጀመሪያ ብቻችሁን እዩት። የእናትየዋ አማርኛ ያለ ተርጓሚ ይገባችኋል።