ከክርክሩ በኋላ ዝምድና አለ

የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ሊደርስ ሲል የፓርቲዎች ክርክር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይተላለፍ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለ መሬት ይዞታ አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ የተሰጠውም ደቂቃ የተለካ ነው።

በየቤታችን ግን ሙግቱ እንጂ ሥርዓቱ አልገባም። ወንድም ወንድሙን ሳያስጨርስ አቋረጠ፤ «አንተ የእነ እገሌ ነህ» ተባብለው ተኮራረፉ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በአዲስ አበባ ደም ሲፈስ ግን ለቅሶ የሚደርሰው ያው የተኮረፈው ዘመድ ነበር።

ስለ አገር መነጋገር የሚጠላ አይደለም። ሆኖም ሐሳቡን እንሞግት እንጂ ሰውየውን አንዝለፍ፤ የወንድማችንንም ቃል እስከ መጨረሻው እናዳምጥ። ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ይመጣል፤ የተቆረጠ ዝምድና ግን ቀን ቆጥሮ አይመለስም።