ባለብዙ ክፍል ሞልድ፦ የሞተር ሳይክል የጎን ሳጥን ከፋይበር ግላስ እንዴት ይሠራል?

በሞተር ሳይክል ጎን የሚታሰር የዕቃ ሳጥን ቀላልም ጠንካራም መሆን አለበት። ጉድጓድ ያንገጫግጨዋል፣ ዝናብ ይወርድበታል፣ የማርሚታው ሙቀት ይደርስበታል፤ ሞተሩ ሲወድቅም ቀድሞ መሬት ከሚነኩት አንዱ እሱ ነው። ፋብሪካዎች በአብዛኛው ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም ያመርቱታል። የቀለጠው ፕላስቲክ የሚገባበት የብረት ሞልድ ግን እጅግ ውድ ስለሆነ በሺዎች ለሚያመርት ካልሆነ ወጪውን አይመልስም። አምስት ወይም ሃምሳ ሳጥን ለሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ የሚያዋጣው ፋይበር ግላስ ነው፤ ሞልዱም ከዚያው ከፋይበር ግላስ ይሠራል። የሼቭሮሌት ኮርቬት መኪና እ.ኤ.አ. በ1953 ለገበያ ሲቀርብ አካሉ የተሠራው ከዚሁ ቁስ ነበር። እንግሊዛዊው ኬን ክሬቨንም በረጅም መንገድ ተጓዦች ዘንድ የታወቀባቸውን የጎን ሳጥኖች የሠራው በፋይበር ግላስ ነው።

ፋይበር ግላስ ከሁለት ነገሮች ይገኛል፤ ከቀጭን የመስታወት ክርና ክሩን አያይዞ ቅርፅ ከሚያስይዘው ሬዚን። በጭቃ ቤት ምርጊት ውስጥ ጭዱ ጭቃውን እንደሚይዘው ሁሉ ክሩም ሬዚኑ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ለዚህ ሥራ የተለመደው ፖሊስተር ሬዚን ሲሆን በውስጡ ስቲሪን የሚባል በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ አለ። ሜቲል ኢታይል ኪቶን ፐርኦክሳይድ የተባለው ማጠንከሪያ ሲጨመርበት የፖሊስተሩ ሰንሰለቶች በስቲሪኑ አማካይነት እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። ፈሳሹ መጀመሪያ ይረጋል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይጠነክራል፤ አንዴ ከጠነከረ ዳግም አይቀልጥም። በዚህ ጊዜ ሬዚኑ በይዘት ከ5 እስከ 8 በመቶ ያህል ይኮማተራል። በችኮላ የተሠራ ሞልድ የሚጣመመው በአብዛኛው በዚህ መኮማተር ነው።

ሥራው የሚጀምረው የሳጥኑ አምሳያ ከሆነው ሞዴል ነው። ሞዴሉ ከኤምዲኤፍ ጣውላ ወይም ከፎም ተቀርፆ በስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ሻካራው ወረቀት እየቀረ በውሃ ወደሚታሸው 800 እና 1000 ቁጥር ሲደረስ ገጹ መብራት ማንጸባረቅ ይጀምራል። በሞዴሉ ላይ የቀረ ጭረት ወደ ሞልዱ፣ ከሞልዱም ወደ እያንዳንዱ ሳጥን ስለሚተላለፍ እዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜ አይባክንም። ማዕዘኖቹም ክብ ብለው መታጠፍ አለባቸው። የመስታወት ክሩ ሹል ማዕዘን ላይ አይተኛም፤ ተነስቶ ከሥሩ አየር ያስቀራል፤ ያ ባዶ ቦታ ደግሞ በመጀመሪያው ምት ይሰበራል።

ሞልዱ ለምን በክፍል እንደሚከፈል የሳጥኑ ቅርፅ ራሱ ይናገራል። ቁመቱ 35፣ ርዝመቱ 45፣ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከላይ የሚከፈት ሳጥን እንውሰድ። የውጭ ገጹ ሆዱ ላይ አበጥ ብሎ ወደ አፉ ይጠብባል። በውስጥ ገጹ በኩል ማርሚታው የሚያልፍበት ጎድጓዳ ቦይ አለ። አፉ ዙሪያ ደግሞ የጎማው ማሸጊያ የሚያርፍበት ወደ ውስጥ የታጠፈ ከንፈር አለው። ሞልዱ አንድ ወጥ ከሆነ እንዲህ ያለ ሳጥን በአፉ በኩል መውጣት አይችልም፤ ሆዱ ይይዘዋል፣ ቦዩም ይቆልፈዋል። መፍትሔው ሦስት ክፍል ነው፦ የውጭውን ገጽ የሚይዝ፣ የውስጡን ገጽ ከነቦዩ የሚይዝ፣ ከንፈሩን የሚያወጣ የአፍ ቀለበት። ሁለቱ ትልልቅ ክፍሎች ወደ ጎን ይለያያሉ፤ ቀለበቱ ወደ ላይ ይነሳል። ጎኖቹ በሚላቀቁበት አቅጣጫ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ዘመም ማለት አለባቸው፤ ፍጹም ቀጥ ያለ ግድግዳ ሰም ቢቀባም ይጣበቃል።

ክፍሎቹ የሚገናኙበት መስመር በግምት አይሰመርም። ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ በጎኑ ይተኛል፤ እርሳስ የታሰረበት ስኳድራ ቀጥ ብሎ ቆሞ በዙሪያው ይዞራል። እርሳሱ የሚነካው የሞዴሉን ሰፊ ቦታ ነውና ምልክቱ የሚያርፍበት ትክክለኛው የመለያያ መስመር ነው። ከዚያ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ወደ አንድ ወገን ቢዛነፍ ተቃራኒው ወገን ሳጥኑን አንቆ ይይዛል። መስመሩ በተቻለ መጠን በማዕዘን ላይ ቢያልፍ ይመረጣል፤ በመጨረሻው ሳጥን ላይ የሚቀረውን ስስ ጠባሳ አሸቶ ማጥፋት ቀላል ይሆናል።

በመስመሩ ዙሪያ ከሚላሚን ጣውላ የተቆረጠ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግድግዳ ይቆማል። በጣውላውና በሞዴሉ መካከል ያለው ክፍተት በማይደርቅ የቅርፅ ጭቃ ተሞልቶ በስለት ይስተካከላል። ይህች ጠባብ ስፌት የእጅ ባለሙያው ጥራት የሚታይባት ቦታ ናት። ጭቃው በደንብ ካልተስተካከለ ሳጥኑ ላይ መስመር ይወጣል። በጣውላው ላይ እየተራራቁ የሚለጠፉ ትንንሽ ጉብታዎች ደግሞ ሁለቱ ክፍሎች ወደፊት ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲገጥሙ ያደርጋሉ።

ቀጥሎ ሰም ይቀባል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን አምስት ስድስት ጊዜ፣ በየመሐሉ እየደረቀና እየተወለወለ። ለአዲስ ሞልድ በሰሙ ላይ ፒቪኤ የሚባል ፈሳሽ ተረጭቶ ስስ ሽፋን ይሠራል። ከዚያ ጄልኮት፣ ማለትም ክር የሌለው ወፍራም የገጽ ሬዚን፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ይቀባል። አየር የሚያገኘው ገጹ ቶሎ አይደርቅም፤ ኦክስጅን የሬዚኑን መተሳሰር ስለሚያደናቅፍ ሲነካ ይጣበቃል። ቀጣዩ ንብርብር በደንብ የሚይዘውም በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የመስታወት ክር ምንጣፍ ስስ መሆን አለበት፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ማዕዘን ላይ ይታዘዛል፣ አየሩም በሮለር በቀላሉ ይወጣል። ወፍራሙ ምንጣፍ በኋላ ይከተላል፤ ግን ሁሉም በአንድ ቀን አይደለም። ብዙ ንብርብር በአንዴ ከተደረበ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ መኮማተሩ ይበረታል፣ ሞልዱም ይጣመማል። የሞልዱ ውፍረት ከሳጥኑ ውፍረት ሦስት እጥፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው።

አንዱ ወገን ሲጠነክር ጣውላው ይነሳል፤ ሞዴሉ ግን ከተቀመጠበት ፈጽሞ መነቃነቅ የለበትም። ትንሽ ከተላቀቀ አዲሱ ሬዚን በስንጥቁ ይገባና ክፍሎቹ ዳግም አይገጥሙም። በጣውላው ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ክፍል ክንፍ በሰም ተወልውሎ ለሁለተኛው ክፍል ግድግዳ ይሆናል። የአፉ ቀለበትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከመላቀቃቸው በፊት ክንፎቹ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ለ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይበሳሉ፤ ከተላቀቁ በኋላ የተበሳ ቀዳዳ በትክክል መገጠሙ ያጠራጥራል። ሞልዱ ሞዴሉ ላይ እንዳለ አንድ ሳምንት ቢቆይ ይመረጣል። ሲላቀቅ በብረት አይፈለቀቅም። የፕላስቲክ ሽብልቅ በክንፎቹ መካከል ይገባል፤ ውሃ ይፈስበታል፤ ፒቪኤው በውሃ ስለሚሟሟ ክፍሉ በራሱ ይለቃል።

ሳጥኑን ማምረት ከዚህ በኋላ ይቀላል። ጠባብ በሆነው አፍ እጅ አስገብቶ ከመሥራት ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ደርቦ፣ በቡሎን ካሰሩ በኋላ ስፌቱን ከውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የመስታወት ጨርቅ ማያያዝ ይሻላል። ክዳኑ ከዚያው ሞዴል በተወሰደ የራሱ ሞልድ ሲሠራ ከአፉ ጋር በትክክል ይገጥማል። በምሳሌው ሳጥን መጠን የገጹ ስፋት 0.6 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ምንጣፍ ሦስት ጊዜ ሲደረብ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ክሩ 850 ግራም ያህል፣ ሬዚኑ የዚያ እጥፍ ነው፤ ጄልኮቱ ሲታከልበት ሳጥኑ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

የማጠንከሪያው መጠን ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ሬዚኑ በትክክል አይጠነክርም፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ክፍሉን ማሞቅ ወይም እስከ ረፋድ መጠበቅ እንጂ ማጠንከሪያ ማብዛት መፍትሔ አይሆንም። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላልና ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት መነጽር ይደረግ፤ ከገባም ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወደ ሐኪም ይኬድ። ኮባልት ከሚባለው ማፋጠኛ ጋር በቀጥታ ቢቀላቀል ይፈነዳል፤ ኮባልቱ አስቀድሞ ከሬዚኑ ጋር በደንብ መዋሃድ አለበት። የስቲሪን ትነት በጨርቅ ጭምብል አይታገድም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብልና አየር የሚያልፍበት ክፍል ያስፈልጋል።

ሥራ ሲያበቃ ሞልዱ ይጸዳል፣ ሰም ይቀባል፣ ክፍሎቹ በቡሎን ታስረው ከፀሐይ ርቆ ይቀመጣል። ለየብቻቸው ተደግፈው የቆሙ ክፍሎች በጊዜ ብዛት ይጣመማሉ፤ ተጋጥመው የተቀመጡት ግን ቅርፃቸውን ጠብቀው በርካታ ደርዘን ሳጥኖች ያወጣሉ።