ወደ ቻይና ለሚሄድ ተማሪ ስለሚጻፍ የምስክርነት ደብዳቤ

ልጅን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ማብቃት የአባትና የእናት ሁሉ ምኞት ነው። ይህ ምኞት ቀድሞ በቅርብ ካለው ደብር ወይም ከአውራጃው ትምህርት ቤት እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ዛሬ ግን ከካቺሲ ገበያ ተነሥቶ እስከ ቤይጂንግና እስከ ዉሃን ይደርሳል። የኢትዮጵያና የቻይና መንግሥታት የዲፕሎማሲ ግንኙነት የመሠረቱት ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. መባቻም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ቤይጂንግ ተጉዘው ከማኦ ዜዱንግ ጋር ተገናኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ለትምህርት ወደዚያች አገር ከሄዱት ልጆቻችን አንዱ፥ በወለጋ አርጆ የተወለዱት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ፥ በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዝዳንት ሆነው አገልግለዋል። እንግዲህ የምዕራብ ሸዋ አባወራ ልጁን ወደ ቻይና ለመላክ ቢያስብ፥ የማይሆን ሕልም አለመ ብሎ የሚስቅበት ሊኖር አይገባም።

የቻይና መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል የትምህርቱን ክፍያና የመኝታውን ቤት ይችላል፤ ከዚህም በላይ ለማስተርስ ተማሪ በወር 3,000 ዩዋን፥ ለዶክትሬት ተማሪ 3,500 ዩዋን ለኑሮው ይሰጠዋል። ማስተርስ የሚፈልግ ዕድሜው ከ35፥ ዶክትሬት የሚፈልግ ከ40 ዓመት ያላለፈ መሆን አለበት። የማመልከቻው መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በየመንግሥታቱ ስምምነት በቻይና ኤምባሲ በኩል፥ ሌላው በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነው። በየትኛውም ቢሆን ዲግሪ፥ የትምህርት ውጤት፥ የጥናት ዕቅድ፥ የጤና ምርመራ ወረቀትና ፓስፖርት ይጠየቃል። እነዚህን ተማሪው ራሱ ከየመሥሪያ ቤቱ እየዞረ ያወጣቸዋል። ከሌላ ሰው ልብ የሚወጣው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የመምህራን የምስክርነት ደብዳቤ ነው። ለማስተርስና ለዶክትሬት ሁለት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊዎቹም ፕሮፌሰር ወይም ተባባሪ ፕሮፌሰር እንዲሆኑ፥ ቋንቋውም ቻይንኛ ወይም እንግሊዝኛ እንዲሆን ተወስኗል።

በአባቶቻችን ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት አያስፈልግም ነበር። ከግንደ በረት ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ቅኔ ቤት የሚወርድ ተማሪ፥ ኮቾሮውንና ደበሎውን ይዞ ከመሪጌታው ደጅ ሲደርስ «የማን ተማሪ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የመምህሩን ስም ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚያውቀውን በቃሉ እንዲያሰማ ይደረጋል። ያወቀ እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ያላወቀም እንዲሁ። በዉሃን ወይም በቲያንጂን የተቀመጠ ፕሮፌሰር ግን የካቺሲን ልጅ ከደጁ አቁሞ ሊሰማው አይችልም። ከብዙ አገር ከመጣ ክምር ወረቀት መካከል የአንዱን አንሥቶ «ይህ ልጅ ማን ነው?» ሲል የሚመልስለት አፍ ያ ደብዳቤ ነው።

ይህን ያልተረዱ ብዙ ወላጆች ልጃቸው ማመልከቻ ሲጽፍ አስቀድመው የሚያስቡት በዘመድ ወይም በአገር ልጅነት የሚያውቁትን ባለሥልጣን ነው። ጫማ እስኪያልቅ ተመላልሰው፥ አማላጅ ልከው፥ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው ይመለሳሉ። በደብዳቤውም ላይ «ይህ ልጅ ጨዋ፥ ታታሪና ከጥሩ ቤተ ሰብ የተወለደ ነው» የሚል ቃል ይገኛል። ቃሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለቻይናው መምህር የሚነግረው አንዳች ነገር የለም። እርሱ ማወቅ የሚሻው ልጁ የማን ልጅ እንደ ሆነ አይደለም፤ ከላቦራቶሪው ቢገባ ሥራ ይችል እንደ ሆነ ነው። ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል በሥልጣን ወንበር ላይ ያላችሁ ክቡራን፥ የገጠር ዘመድ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ደጃችሁን ሲጠና፥ ስማችሁን ከመስጠት ይልቅ ልጁን ወዳስተማረው መምህር መምራት ትልቅ ውለታ መሆኑን አትዘንጉ። ልጁ በእናንተ መሥሪያ ቤት ሠርቶ እንደ ሆነ ግን የሠራውን ሥራ ዘርዝራችሁ ብትጽፉለት ከሁለቱ የመምህራን ደብዳቤ ላይ ተጨምሮ ሊጠቅመው ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዕድሜውን የፈጀው የምስክር ቃል በመጻፍ ነው። ከችሎት ፊት «ሰውዬው ደግ ነው» ብሎ የሚጀምር ምስክር ሲቀርብ፥ ዳኛው «ደግነቱን ተወው፤ ያየኸውን ተናገር፤ መቼ? የት? አንተስ በዚያ ቦታ ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ያቋርጠዋል። መልካም የምስክርነት ደብዳቤ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሳይጠየቅ የሚመልስ ነው። መምህሩ ተማሪውን በየትኛው ትምህርትና ለስንት ዓመት እንዳስተማረው፥ ከስንት ተማሪዎች መካከል ስንተኛ እንደ ነበረ፥ በመመረቂያ ጥናቱ ምን እንደ መረመረ፥ ችግር ሲገጥመውም እንዴት እንደ ተወጣው ይገልጻል። የአፈር ለምነት ያጠናች ተማሪ በክረምት ጭቃ በእግሯ ከገበሬዎች ማሳ ናሙና ሰብስባ፥ የመጀመሪያው ምርመራ ቢበላሽባት ደግማ የሠራች እንደ ሆነ፥ ይህ አንድ መስመር «እጅግ ጎበዝ ናት» ከሚል ገጽ ሙሉ ውዳሴ ይበልጣል። ጥቂት ጉድለትን በቅንነት መግለጥም ደብዳቤውን አያጎድፈውም፤ ነቀፋ የሌለበትን ሰው ማንም አያምንምና።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። ካቺሲ የግንደ በረት ወረዳ ከተማ ናት፤ የዚያ አገር ልጅ በአብዛኛው በእርሻ ትምህርት ቤትነት በተጀመረው በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከዚያ በራቀ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። በየዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሚያስተምሩት መካከል ብዙዎቹ ሌክቸረሮችና ረዳት ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ተባባሪ ፕሮፌሰር ግን ብርቅ ነው። ተማሪዋን ቀርቦ የሚያውቃት ሌክቸረር ማዕረጉ አይፈቅድለትም፤ ማዕረጉ የሚፈቅድለት ደግሞ ስሟን እንኳ አያውቅም። ታዲያ ምን ይደረግ? ማዕረግ ያለውን መምህር ተማሪዋ በትምህርት ላይ ሳለች፥ ይልቁንም የመመረቂያ ጥናቷን ስትጀምር፥ ፈልጋ ከእርሱ ዘንድ መሥራት ይሻላታል። ጊዜው አልፎ እንደ ሆነም ሌክቸረሩ ያየውን በጽሑፍ ለባለ ማዕረጉ እንዲያስረዳ፥ እርሱም ሥራዋን አንብቦና ጠርቶ አነጋግሯት እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ይህ ድካም ያለበት መንገድ ነው፤ ከካቺሲ አምቦ መመላለስ ገንዘብም ቀንም ይበላል። ወላጅ ለልጁ የመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ካለው፥ ከባለሥልጣን ደጅ ይልቅ ለዚህ ያውለው።

ጊዜን ነገር ካነሣን፥ የማመልከቻው ወራት በአብዛኛው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላሉ፤ ትምህርቱም የሚጀምረው በእኛ የዘመን መለወጫ ሰሞን ነው። ስለዚህ መምህሩን በጥቅምት ወር መለመን ይገባል። ሲለምኑትም ባዶ እጅ አይሄዱም፤ የትምህርት ውጤትን፥ የጥናት ዕቅድን፥ የመመረቂያ ጽሑፍንና የመጨረሻውን ቀን በወረቀት ጽፎ ማቅረብ ነው። «እባክዎ፥ የኔታ፥ ስለ እኔ በእርግጥ የሚያውቁትን ለመጻፍ ይፈቅዳሉ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅም መልካም ነው፤ መምህሩ ቢያመነታ ሌላ መፈለጊያ ጊዜ ይገኛልና።

በዚህ ዘመን የተለመደ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ሥራ የበዛበት መምህር «ራስህ ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» ይላል። ተማሪውም ሁለቱን ደብዳቤ በአንድ ሌሊት፥ በአንድ ዓይነት ቃል፥ በአንድ ዓይነት ስሕተት ይጽፋል። ከችሎት ፊት ሁለት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነገር ሲናገሩ ዳኛው የሚያስበው እውነት መናገራቸውን አይደለም፤ በአንድ ቤት ተቀምጠው ማጥናታቸውን ነው። የዩኒቨርሲቲው መርማሪም እንዲሁ ያስባል። መምህሩ ጊዜ ካጣ ተማሪው የሥራውን ታሪክ በዝርዝር ጽፎ ማስታወሻ ይስጠው፤ ፍርዱንና ቃሉን ግን መምህሩ ራሱ ይጻፍ።

ከዚህ የከፋው በገንዘብ የሚሸጥ ደብዳቤ ነው። ወረቀቱንም ማኅተሙንም ፊርማውንም አዘጋጅቼ እሰጣለሁ የሚል ደላላ ሲገኝ፥ በሬ ሸጦ ለመክፈል የሚዘጋጅ አባት አይጠፋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትንም በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልንም ያስቀጣል። ደላላው ገንዘቡን ይዞ ሲሰወር፥ ስሙ በማመልከቻው ላይ የሚቀረው ልጁ ነው።

በመጨረሻ ትንሽ የሚመስል፥ ነገር ግን ብዙ ወረቀት የሚያስጥል ጉዳይ አለ፤ እርሱም የስምና የዓመት አጻጻፍ ነው። በቁቤ «ጨ» የሚጻፈው «ሲ» በሚባለው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ግን «ኤች» ይጨመርበታል። «ጠ»ንም ቁቤ «ኤክስ» በሚባለው ፊደል ሲጽፈው እንግሊዝኛው በ«ቲ» ይጽፈዋል። ስለዚህ ጫላ የሚባል ልጅ በትምህርት ቤቱ ወረቀት አንድ ሰው፥ በፓስፖርቱ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። መምህሩ በደብዳቤው ላይ ስሙን እንደ ፓስፖርቱ አድርጎ እንዲጽፍ የፓስፖርቱን ቅጂ መስጠት ይገባል። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተመረቀች ተማሪ በአውሮፓ አቆጣጠር የተመረቀችው በ2023 ነውና፥ ደብዳቤው በአንዱ፥ ዲግሪው በሌላው አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ አንባቢው ከመመረቋ ስምንት ዓመት አስቀድሞ የተመረቀች ይመስለዋል። ደብዳቤው ቀን፥ ፊርማ፥ የዩኒቨርሲቲው ስም ያለበት ወረቀት፥ የመምህሩ ማዕረግ፥ ስልክና የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል አድራሻ ሊኖረው ይገባል። ከቻይና ተጠይቆ የሚመልስ ሰው እንዲገኝም፥ ማመልከቻው ከተላከ በኋላ ተማሪው ለመምህሩ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ሊጠይቀው እንደሚችል ያሳውቀው።