የተተከለ ጥርስ ለምን ወራት ይጠብቃል?

ሐኪሙ የቲታኒየሙን ብሎን መንጋጋው ውስጥ አስገብቶ ድዱን ሰፋና “ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ” አለ። ታካሚው ግን ብሎኑ ጥብቅ ብሎ ሲገባ ተሰምቶታል። ታዲያ ጥርሱን፣ ማለትም ክራውኑን፣ ዛሬውኑ ማሰር ምን ይከለክላል?

የዛሬው ጥብቀትና የሦስት ወሩ ጥብቀት አንድ አይደሉም። ዛሬ ብሎኑን የያዙት ጠመዝማዛ ጠርዞቹ ናቸው፤ ግድግዳ ላይ እንደገባ ብሎን አጥንቱን ነክሰው ይዘውታል። ግድግዳ ሕይወት የለውም፤ አጥንት ግን አለው። ሲቦረቦር የቆሰለውንና በብሎኑ የተጨፈለቀውን ክፍል ሰውነት መጀመሪያ ይጠርገዋል፣ ከዚያ በምትኩ አዲስ አጥንት ይሠራል። አሮጌው እየተነሣ አዲሱ ገና ሳይጠነክር ታዲያ ብሎኑ ከመጀመሪያው ቀንም የባሰ የሚላላበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ችግሩ በዚያ ሰሞን ሕመሙ ጠፍቷል፣ ስፌቱ ወጥቷል፣ ድዱም ድኗል፤ ሰውየው በዚያ በኩል ቆሎ መቆርጠም የሚያምረው ያኔ ነው።

ብሎኑ በየጉርሻው ቢነቃነቅስ? እጅግ ጥቂቱን አጥንት ይችለዋል። እንቅስቃሴው ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ሲያልፍ ግን ሰውነት በአጥንት ፈንታ ብሎኑን በለስላሳ ሥጋ ይከበዋል። ያ ሥጋ ደግሞ ቆይቶ አጥንት አይሆንም፤ ብሎኑን አውጥቶ እንደገና መጀመር ነው።

አጥንትና ቲታኒየም እንዲህ እንደሚጣበቁ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ የደም ዝውውርን ለማጥናት የቲታኒየም መመልከቻ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከተተ። ጨርሶ ሊያወጣው ሲል አልወጣ አለው። በዚሁ ግኝት በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው መንጋጋ ላይ ጥርስ ተከለ። እሱና ባልደረቦቹ ያወጡት ሕግ ለታችኛው መንጋጋ ሦስት ወር፣ ለላይኛው ስድስት ወር ይል ነበር። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ጠጣር ነው፤ የላይኛው፣ በተለይ ወደ መንጋጋ ጥርሶቹ፣ ቀዳዳ የበዛበት ስስ ስለሆነ ብሎን በደንብ አይዝም።

ዛሬ ሕጉ ላላ ብሏል። የአሁኖቹ ብሎኖች ገጻቸው በአሸዋ ተመትቶ በአሲድ ስለሚሻክር አጥንት ቶሎ ይይዛቸዋል፤ በጥሩ አጥንት ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚበቃቸው አሉ። አጥንት ተጨምሮ ከሆነ ግን ተጨማሪ ወራት ይጠየቃል። ሲጋራ የሚያጨስና ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰውም አደጋው ይበዛበታል።

“በአንድ ቀን ጥርስ” የሚለው ማስታወቂያ ጨርሶ ውሸት አይደለም። ብሎኑ ሲገባ በቂ ጥብቀት ካሳየ ጊዜያዊ ጥርስ ያንኑ ቀን ሊደረግበት ይችላል፤ የፊት ጥርስ ከሆነ ከትይዩው ጥርስ ጋር እንዳይነካካ አጠር ተደርጎ ይሠራል። ለዓይን እንጂ ለማኘክ አይደለም። ሙሉ መንጋጋ ሲተከል ደግሞ በርካታ ብሎኖች በአንድ ድልድይ ታስረው እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ነገሩ ሌላ ነው። ያም ቢሆን ለጥቂት ወራት ለስላሳ ምግብ ብቻ ይታዘዛል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር ለሦስት ሳምንት ዕረፍት አዲስ አበባ መጥቶ ተክሎም አስገጥሞም መመለስ ለሚፈልግ ሰው ነው። የመመለሻው ቀን ብሎኑ በጣም ከሚላላበት ሳምንት ጋር ይገጥማል። እኔ ብሆን በዚህኛው ጉዞ ብሎኑን አስተክዬ ክራውኑን ለሚቀጥለው አቆየዋለሁ፤ ከታዘዘው ጥቂት ወራት ቢዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ክራውኑን የሚያስረው ሌላ አገር ያለ ሐኪም ከሆነ ግን የብሎኑን አምራች፣ ዓይነትና መጠን በወረቀት አጽፎ ከራጁ ጋር መያዝ ነው። አምራቾች የብሎናቸውን ራስ የሚሠሩት በየራሳቸው ልክ ነው፤ የአንዱ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ለሌላው አይገጥምም።