ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመኪና መስታወት ስንጥቅ

የወለጋ ቡና ከጊምቢ፣ ከነጆና ከደምቢ ዶሎ በመኪና ተጭኖ ይወጣል። ጨውና ማዳበሪያ በመኪና ይመጣል። በሽተኛም ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል የሚደርሰው በመኪና ነው። ስለዚህ የመኪና ነገር የሹፌሩ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ሹፌሩ መንገዱን የሚያየው በፊት መስታወት ነው። የዚህ መስታወት ጠላት ትንሽ ጠጠር ናት። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚያስገባው መንገድ ብዙውን ጊዜ ጠጠር ነው። ከፊት የሚሄደው መኪና ጎማ ጠጠሩን ያስፈነጥረዋል። ጠጠሩ መስታወቱን ይመታዋል። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ስንጥቅ ትቀራለች።

“ይቺማ ምን ታመጣለች!” ብሎ ማለፍ ጥሩ አይደለም። ስንጥቅ ባለበት አይቆምም። ይሄዳል።

ስንጥቅ ለምን ይሰፋል?

መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈሱ ምጣዱ ይሰነጠቃል አይደለም? የመኪና መስታወትም እንዲሁ ነው። ከጊምቢ ወደ ነቀምቴ የሚመጣ መኪና የዴዴሳን ሸለቆ ያቋርጣል። ሸለቆው ቆላ ነው፤ ይሞቃል። ነቀምቴ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ትቀዘቅዛለች። በዚያ ላይ መንገዱ መኪናውን ያንገጫግጨዋል። ውሃና አቧራም በስንጥቁ ይገባል። የሽምብራ ፍሬ ታህል የነበረችው ስንጥቅ ስንዝር ትሆናለች።

ምን ይደረግ?

የፊት መስታወት ነጠላ አይደለም። እንደ ጋቢ ድርብ ነው። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ስስ ፕላስቲክ ተጣብቋል። ስለዚህ ቢሰበር እንኳ አይበተንም። ይህን ዓይነት መስታወት የፈለሰፈው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1903 አንድ የመስታወት ዕቃ ወደቀበት ይባላል። ዕቃው ተሰነጠቀ፤ ግን አልተበተነም። ውስጡ የደረቀ ፈሳሽ እንደ ስስ ቆዳ ይዞት ነበር። ሰውየው ከዚህ ተምሮ በ1909 ፈጠራውን አስመዘገበ።

ጠጠር ብዙ ጊዜ የሚሰነጥቀው የውጪውን መስታወት ብቻ ነው። ስንጥቁ ትንሽ ሳለ ባለሙያ ይጠግነዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ስንጥቁ ይጸዳል፤ እንዲደርቅም ይደረጋል።
2. በትንሽ መሣሪያ አየሩ ከስንጥቁ ይመጠጣል።
3. እንደ ውሃ የጠራ ልዩ ሙጫ ይገባበታል።
4. ሙጫው በፀሐይ ወይም በልዩ መብራት ይጠነክራል።
5. ትርፉ በምላጭ ይፋቃል።

ጠባሳው በመጠኑ ይታያል። ስንጥቁ ግን መሄዱን ያቆማል።

ስንጥቁ ከረዘመ ወይም የመስታወቱን ጠርዝ ከነካ ግን መስታወቱ ይለወጣል። በሹፌሩ ዓይን ትክክል ከሆነም መለወጥ ይሻላል። ምክንያቱም ጠባሳው ማታ በመብራት እያብለጨለጨ ያስቸግረዋል። አዲስ መስታወት ደግሞ ከጥገናው በብዙ እጥፍ ይወደዳል። የጎን መስታወት ግን አይጠገንም። ሲሰበር እንደ በረዶ ይረግፋል።

ሹፌሩ ጋራዥ እስኪደርስ ስንጥቁን በንጹሕ ፕላስተር ይሸፍነው። ተራ ሙጫ አይቀባው። በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስ። ቀስ ብሎ ይንዳ።

እኛስ ምን እናድርግ?

ስትሳፈሩ ስንጥቅ ካያችሁ ለሹፌሩ ንገሩት። አትፈሩ፤ ነፍሳችሁ አብራው ተሳፍራለች። ልጆቻችሁም በመኪና ላይ ድንጋይ እንዳይወረውሩ ምከሩ። አንድ ድንጋይ የሹፌሩን ዓይን ቢጋርድ አውቶቡሱ ከነሰዉ ገደል ሊገባ ይችላል።

አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት እውነት ነው። ትንሿ ስንጥቅ ዛሬ ትጠገን። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት።