ከአዋሽ እስከ ሰመራ በዝግታ

ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ ያለውን መንገድ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ያየው ግን ጥቂት ነው። የጅቡቲን ጭነት የሚያመላልሱ ካሚዮኖች ሌሊትና ቀን ይሮጡበታል። ለሥራ ተመድቦ የሚወርደውም ወጣት ሹም መስኮቱን ዘግቶ ይተኛና ሰመራ ሲደርስ ይነቃል፤ ስለ አገሩ ቢጠየቅም «ሐሩር ነው» ከማለት በቀር የሚጨምረው የለም።

እኛ የወረድነው በዝግታ ነው። አዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት ገዋኔ 600 ሜትር እንኳ አትሞላም። ወንዙም አንድ ጊዜ ቀረብ፣ አንድ ጊዜ ራቅ እያለ ከመንገዱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ገዋኔ ስንደርስ ከፍታው ከ2,000 ሜትር የሚበልጠው የአየሉ ተራራ ከሜዳው ላይ ብቻውን ቆሞ ታየን።

እዚህ ጥላ ፈልጎ ሻይ የሚጠጣ ሰው ዳጉን ለማየት ይችላል። ዳጉ ማለት የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዐት ነው። ሁለት መንገደኞች ሰላምታ ከተሰጣጡ በኋላ ተቀምጠው አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ዝናብ የት ጣለ? ሣር የት በቀለ? ማን ታመመ? ምን እንግዳ ሰው አለፈ? ተናጋሪውም በዓይኑ ያየውን ከሰማው መለየት አለበት፤ ሐሰት የተናገረ ይነወራል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በስንቱ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ውስጥ ይገኝ ይሆን?

ከሁሉ ይልቅ የሣሩ ጥያቄ ብርቱ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች አካባቢ ለጥላና ለአፈር ይጠቅማል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃም ዛፍ ግጦሹን እያጠፋ ተዛምቷል። ከብቶች ፍሬውን ይበላሉ፤ ዘሩም በእበታቸው ወጥቶ በሄዱበት ይበቅላል። ስለዚህ በመንገዱ ዳር ያለውን አረንጓዴ አይቶ «እንዴት ያለ ልምላሜ ነው!» የሚል መንገደኛ አርብቶ አደሩ የሚያዝንበትን ነገር ያደንቃል ማለት ነው። ወርዶ ቢጠይቅ ግን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ይረዳው ነበር።

አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. አዋሽን ተከትሎ ወንዙ እስከሚያልቅበት እስከ አቤ ሐይቅ ሲጓዝ ወራት ፈጅቶበታል። ዛሬ ሰመራ በአንድ ቀን ይገባል። ሆኖም አንድ ሌሊት ገዋኔ ማደር ይበጃል እንላለን። ከዚያ ወዲያ ለዱር አህያ ጥበቃ የታሰበው የያንጉዲ ራሳ ሜዳ አለ፤ ከሚሌም ወደ ምዕራብ ለታጠፈ ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር ይገኛል። ይህን ለማየት የሚሻ ሰው ውሃውን ጭኖ ጎሕ ሲቀድ ይነሣ፤ ከረፋዱ በኋላ ሜዳው በሙቀት ስለሚንቀለቀል ድንጋዩና እንስሳው አይለይም።