ቡናውን እሳቸው ያፍሉ

«እርስዎ አርፈው ይቀመጡ።» በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ ወይም በሁሩሙ፣ አዛውንት ባሉበት ቤት ይህ ቃል ሳይሰማ የሚመሽ ቀን የለም። ልጅ ከሥራ ሲመለስ እናቱን ግቢ ሲጠርጉ ካገኛቸው መጥረጊያውን ከእጃቸው ይወስዳል። ምራት ጀሪካኑን ትቀበላለች። የልጅ ልጅ ወደ ሱቅ ይሮጣል። ሁሉም ከአክብሮት የመጣ ነው፤ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁን ሰዎች ይህ ይገባቸዋል። ነገር ግን ወላጅን ከሥራ ሁሉ አላቅቆ ማስቀመጥ ያሰብነውን ዕረፍት አይሰጣቸውም። ወራት ሲቆጠሩ ከተቀመጡበት ለመነሳት የሰው እጅ የሚጠብቁ ይሆናሉ። ለዚህም «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ዕድሜ ብቻ አይደለም ባይ ነኝ፤ መቀመጡም ነው።

ጡንቻ ካልሠራ ይሟሽሻል። ወጣት ለሳምንት ታሞ ቢተኛ ጉልበቱ ቶሎ ይመለሳል፤ በ70 ዓመት ግን የጠፋው ለመመለስ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ በሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ አዛውንቶች ለ10 ቀናት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ሥጋ አጥተዋል። በሽታ አልነበረባቸውም፤ መተኛቱ ብቻ በቂ ነበር።

ደግነቱ ነገሩ ወደኋላም ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 በቦስተን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 90 ዓመት የሆነ ጥቂት ደካማ አዛውንቶች ለ8 ሳምንት እግራቸውን በክብደት እንዲያሠለጥኑ ተደረገ። የጭናቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ይመረኮዙት የነበረውን ዱላ ተዉት። በ90 ዓመት ይህ ከሆነ፣ የ68 ዓመቷን እናታችንን «ከእንግዲህ አይሆንላቸውም» ማለት ተገቢ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት የሞላው ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ላብ ላብ የሚያሰኝ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚህም ሌላ በሳምንት 3 ቀን ጉልበትንና ሚዛንን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ስፖርት ቤት ይታያቸዋል። በኢሉባቦር ግን ከዚህ አብዛኛው በየቤቱ ስላለ ሌላ ቦታ መፈለግ አያሻም። ቡና ማፍላትን ብቻ እንመልከት።

አንዲት የሰባ ምናምን ዓመት እናት ቡና ሊያፈሉ ነው። መጀመሪያ ዱካ ላይ ቁጭ ይላሉ። ዱካ ዝቅተኛ ስለሆነ ከእሱ መነሳት የጭንንና የዳሌን ጡንቻ አጥብቆ ያሠራል። ቡናውን ያጥባሉ፣ ይቆላሉ፣ ሳያቋርጡ ያማስላሉ፤ ክንድና አንጓ ይሠራል። ከዚያ ሙቀጫውን ሳብ አድርገው ዘነዘናውን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ፤ ትከሻና ጀርባ ይሠራል። የሞላ ጀበና በአንድ እጅ ይዞ ሳያፈሱ ስኒ መሙላት የእጅና የዓይን ቅንጅት ይጠይቃል። በዚህ ሁሉ መካከል ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ለማን ስኳር ለማን ጨው እንደሚደረግ ያስታውሳሉ። ከአቦል እስከ በረካ ወሬ ይሰማሉ፣ ይመክራሉ፣ ይመርቃሉ። ጉልበት፣ ሚዛን፣ ትውስታና ከሰው ጋር መዋል በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተሰብስበዋል። ይህን ሥራ «አይድከሙ» ብሎ ለልጅ የሰጠ ቤተሰብ ያልታሰበ ብዙ ነገር አብሮ ነጥቋል።

ታዲያ ጉልበታቸው በእርግጥ ቢያማቸውስ? ሥራውን ከመውሰድ ይልቅ ሥራውን ማስተካከል ነው። ዱካው በአንድ ጋት ከፍ ይበል። ከጎኑ ሲነሱ የሚደገፉበት የማይነቃነቅ አግዳሚ ይቀመጥ። ከሰል ማንደጃው ጠንካራ መደብ ላይ ከፍ ቢደረግ ማጎንበስ ይቀራል። ከባዱን ዘነዘና በቀላል መለወጥ፣ ትልቁን ጀበና በትንሽ መተካት ይቻላል። ውሃና ከሰል ልጅ ያምጣ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ቡናውን ግን እሳቸው ያፍሉ። ለሌላውም ሥራ ሁሉ ዘዴው ያው ነው፤ አደገኛው ክፍል ለሌላ ይሰጣል፣ ቀሪው ከባለቤቱ ጋር ይቆያል።

የእግር ጉልበት የት እንደደረሰ ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። ግድግዳ ጠጋ ያለ መደበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት እጅን ደረት ላይ አጣምረው 5 ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፤ ሌላ ሰው ሰዓት ይያዝ፣ አጠገባቸውም ይቁም። በ14 ሴኮንድ ውስጥ ካለቀ ጥሩ ነው። ካላለቀ ወይም ያለ እጅ ድጋፍ መነሳት ካቃተ፣ መፍትሔው ያው መነሳትና መቀመጡ ነው፤ በመጀመሪያ በእጅ እየተደገፉ፣ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጥቂት ጊዜ፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየጨመሩ። የበረንዳውን ምሰሶ ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሳትና በአንድ እግር ለጥቂት ጊዜ መቆምም ሚዛንን ያጠነክራል። ደረት የሚያፍን፣ የሚወጋ ወይም የሚያዞር ስሜት ከመጣ ማቆምና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ። ኢሉባቦር በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ክረምቱም ቶሎ የሚወጣ አይደለም። ቀዩ አፈር ሲርስ ያዳልጣል፣ የጎሬ ዳገትና የመቱ ቁልቁለት ደግሞ ለማንም አይራሩም። በዓለም ዙሪያ 65 ዓመት ካለፋቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል። ከውድቀት የዳነ ሰው ብዙ ጊዜ ፍርሃት ይዞት ከቤት መውጣት ያቆማል፤ ባቆመ ቁጥር እግሩ ይደክማል፤ እግሩ ሲደክም ለሌላ ውድቀት ይጋለጣል። ስለዚህ ሰውን ከማገድ መንገዱን ማበጀት ይቀድማል።

በጣም አደገኛው መንገድ ከመኝታ ቤት እስከ ሽንት ቤት ያለው ነው። በብዙ ግቢዎች ሽንት ቤቱ ከቤቱ ራቅ ብሎ ከጓሮ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ሌሊት ይዘንባል። በዚያ መንገድ ላይ ጠጠር ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ማንጠፍ፣ በአንድ ወገን የባሕር ዛፍ ወይም የቀርከሃ መደገፊያ መትከል የአንድ ቅዳሜ የቤተሰብ ሥራ ነው። ለእኔ ከማንኛውም የበዓል ስጦታ ይበልጣል። ቁጢጥ ማለት የሚያስቸግራቸው ከሆነ አናጢ መካከሉን ቀዶ የሚሠራው ጠንካራ የእንጨት መቀመጫ ጉድጓዱ ላይ ይደረጋል፤ ግራና ቀኙ ላይ መያዣ ይኑረው። ለሌሊት ፖፖ አልጋ ሥር ማስቀመጥ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ባትሪ ትራስ ሥር ይሁን።

ጫማም ይታይ። ታችኛው የተላጠ ነጠላ ጫማ ወይም ኮንጎ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንደ በረዶ ያንሸራትታል። ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ቁመቱ ይለካ፤ ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ሲቆሙና ክንዳቸውን ወደ ታች ሲለቁት የከዘራው እጀታ ከእጃቸው አንጓ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። አንዱ እግር የሚያም ከሆነ ከዘራው በሌላኛው ወገን እጅ ይያዛል። ብዙ ሰው የሚይዘው በታመመው እግር በኩል ስለሆነ ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ቀኝ ጉልበት ካመመ ከዘራው በግራ እጅ ነው። ጫፉ ላይ የተመታ ቁራጭ ጎማ ለሲሚንቶና ለአስፋልት ይጠቅማል።

መውደቅ ሁሉ ከመንገድ አይመጣም። ከአልጋ በድንገት ሲነሱ የደም ግፊት ዝቅ ይልና ዓይን ይጨልማል። ከአልጋው ጠርዝ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ቁርጭምጭሚትን አነቃንቆ መነሳት ብዙ ውድቀት ያስቀራል። የግፊት፣ የስኳር ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሚወስዱትን ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘው ለሐኪም ያሳዩ። በራስ ፈቃድ ግን ምንም አይቋረጥ።

ዓይንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በዓይን ሞራ ግርዶሽ እንደሆነ አሳይቷል። ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይነሳል። ስኒ ሲሞሉ የሚያፈሱ፣ ሰው በድምፁ ብቻ የሚለዩ አዛውንት «አርጅተዋል» ከመባላቸው በፊት ዓይናቸው ይታይ።

ሰው ደፍሮ የማያወራው ሌላ ነገር አለ፤ ቦታ ልሰጠው እወዳለሁ። ብዙ እናቶች ከለቅሶ ቤት፣ ከዕድር፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ቀስ በቀስ የሚቀሩት እግራቸው ስለደከመ ላይሆን ይችላል። ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ወይም ብዙ በመውለድና ከባድ በመሸከም ማኅፀናቸው ወደ ታች ወርዷል። ለልጆቻቸው አይናገሩም። ለሴት ልጃቸው እንኳ አይናገሩም። ይህ ሕክምና ያለው ችግር ነው፤ የመቱ ሰው ደግሞ ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ላያስፈልገው ይችላል። የሐምሊን ፌስቱላ ኢትዮጵያ ማዕከል በመቱ አለ፤ ከባሕር ዳር፣ ከመቀሌ፣ ከይርጋለምና ከሐረር ማዕከላት ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። መቱ ካርል ሆስፒታልም ሆነ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ጥያቄውን ተቀብሎ ወደሚገባው ቦታ ይልካል። ሴት ልጅ ወይም ምራት ነገሩን በእርጋታ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ብታነሳው እናትየው እፎይ ሊሉ ይችላሉ።

እግረ መንገዴን፣ ከሐምሊን ፌስቱላ ኢትዮጵያ መሥራቾች አንዷ የሆኑት ዶ/ር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ቀሪ ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚሁ ኖረዋል። እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው ድረስ ከሕሙማኑ ሳይርቁ ቆይተው፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባው ሆስፒታል ግቢ ባለው ቤታቸው አርፈዋል። የሚጠብቃቸው ሥራና የሚያውቃቸው ሰው በዙሪያቸው ነበር።

ወንዶቹ አባቶች በሌላ መንገድ ይጎዳሉ። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው፤ መምህር፣ ነርስ ወይም የቢሮ ሠራተኛ የነበረ ሰው በአንድ ቀን ከጠዋት መነሻው፣ ከመንገዱና ከባልደረቦቹ ይለያያል። ገበሬው ጡረታ ባይኖረውም ማሳው ያቆየዋል። ለጡረተኛው ግን አዲስ የቀን መርሐ ግብር በቶሎ ካልተፈጠረ ወንበርና ቴሌቪዥን ይቀድሙታል። በኢሉባቦር ለዚህ የሚሆን ሥራ አይጠፋም። ቡና በሚለቀምበት ወራት ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆሞ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ዓይንና እጅን ያሠራል። ጓሮ ጎደሬና ጎመን መትከል፣ ቀፎ መጠበቅ፣ የዕድር መዝገብ መያዝ፣ ሽምግልና መቀመጥ ሁሉም ሰውን ከቤት ያወጣሉ። ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ የነበረችበትን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶች ዛሬም አሉ፤ ተማሪዎችን ወደ እነሱ መላክ ለሁለቱም ወገን ጥቅም ነው።

ስለ ምግብ በአጭሩ። አዛውንት ቤት ሲጠሩ «እንጀራና ሻይ ይበቃኛል» ይላሉ፤ ጡንቻ ግን በባቄላ፣ በሽሮ፣ በወተት፣ በእንቁላል ነው የሚቆመው። ውሃ የሚቀንሱት ሽንት ስለሚመላለስባቸው ከሆነ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል።

ልጆች ጅማ ወይም አዲስ አበባ፣ ወላጅ ብቻቸውን መቱ የሆኑበት ቤትም አለ። በየቀኑ ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ከስልኩ የሚበልጠው ግን በሩን የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ቡና የሚጠሩትን ሰው ስም ማወቅ፣ የዚያን ሰው ስልክ መያዝ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱን እንድታውቀው ማድረግ ያስፈልጋል። የወላጅ ገንዘብና ቁልፍ ደግሞ በእጃቸው ይቆይ። ለበግ መግዣ፣ ለዕድር መዋጮ፣ ለልጅ ልጅ ደብተር ራሳቸው ያወጡ። ሰው የሚወስነው ነገር ሲጠፋ የሚነሳበት ምክንያትም ያጥርበታል።

በመጨረሻ ከበሽታ በኋላ ያሉት ቀናት አሉ፤ ብዙ አዛውንት ከእግራቸው የሚቀሩት በእነዚህ ነው። በወባ፣ በሳንባ ምች ወይም በሌላ ሕመም ተኝተው የወጡ ወላጅ ቤት ሲደርሱ ዘመድ ሁሉ «ይተኙ» ይላል። ሐኪሙ ካልከለከለ በዚያው ቀን ከአልጋ ጠርዝ ይቀመጡ፣ ምግባቸውን ተቀምጠው ይብሉ። በማግሥቱ ሰው አጠገባቸው ሆኖ እስከ በሩ ይራመዱ፣ ከዚያ እስከ በረንዳ፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት። ጠያቂም ሲመጣ አልጋ ዙሪያ ከሚቀመጥ ከበረንዳው ላይ ይቀበሉት። ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ሐኪሙን ወይም ነርሷን «መቼ ይነሱ? ምን ያህል ይራመዱ? ምንስ መሥራት ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የመድኃኒቱን ሰዓት እንደምትጽፉ መልሱንም ጻፉት።